ባንዱ ሲለወጥ አድማጩ የት ይቆማል?



የዚህች የላሊበላ ከተማ የቀድሞ ስም ሮሃ መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስሙ ግን ከላስታ ተራራ ወርዶ አዲስ አበባ ገብቶ የአንድ ባንድ መጠሪያ ሆኗል። ሮሃ ባንድ ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) አስቴር አወቀን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ነዋይ ደበበንና ማህሙድ አህመድን እያጀበ በካሴት በየቤታችን ገብቷል። ከ200 በላይ አልበም እንዳጀበ ይነገርለታል። ከባንዱ ምሰሶዎች መካከል ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮና ሊድ ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ስዩም ከዚያ በፊት አይቤክስ በሚባል ባንድ ውስጥ ነበሩ። አይቤክስ በ1975 ከማህሙድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» እና ሮሃ በ1980ዎቹ ያጀባቸውን ካሴቶች አከታትሎ የሰማ ሰው፣ የተጫወቱት እነዚያው ጣቶች መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል። በፊተኛው ሳክስፎኑ ይጮኻል፤ ድምፁ ሸካራ ነው። በኋለኛው ኪቦርዱ ቦታውን አስፍቷል፤ ነገሩ ሁሉ ለስልሷል።

ዛሬ የማወራው ስለዚህ ዓይነቱ ለውጥ ነው። አንድ ባንድ የለመድነውን ስልት ትቶ ሌላ ሲይዝ አድማጭ አንዳንዴ ይቆጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ይከተላል። የሚያስቆጣው ምንድን ነው? የሚያስከትለውስ?

ጩኸቱ በግልጽ ከሚሰማበት ቦታ ልጀምር። ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ብዙዎቻችሁ ዘንድ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ጎረምሶች የሚያሰሙት ጫጫታ ተደርጎ ይታሰብ ይሆናል። መነሻው እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የምትባል የፋብሪካ ከተማ ናት። ቶኒ አዮሚ የሚባል ወጣት የብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ጊታሩን ላለመተው ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንዱ በ1970 የመጀመሪያውን አልበም አወጣ፤ ኋላም አዮሚ ክሩ እንዲላላለትና ጣቱን እንዳያመው ቅኝቱን ዝቅ አደረገ፤ ያ ዝቅ ያለው፣ የከበደው ድምፅ የአንድ ሙዚቃ ዓይነት መታወቂያ ሆነ። ስለዚህ ስልት ሲባል ሁልጊዜ ሰው አስቦ፣ አማርጦ የሚይዘው ነገር አድርገን አንውሰደው። አንዳንዱ ስልት ከጉዳት ይወለዳል።

የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች ታማኝነታቸው የታወቀ ነው፤ ቁጣቸውም እንደዚያው። ሜታሊካ በ1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲመሠረት ፍጥነቱና ሸካራነቱ ነበር መታወቂያው። በ1984 በሁለተኛ አልበማቸው ላይ በለስላሳ ጊታር የሚጀምር አንድ የሐዘን ዘፈን ሲያስገቡ፣ ገና ከጅምሩ «ተሸጡ» የሚል ወቀሳ መጣ። በ1991 ዘፈኖቻቸውን አሳጥረው፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ያወጡት ጥቁር ሽፋን ያለው አልበም አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ የድሮዎቹ አድናቂዎች ግን ሐዘን ተቀመጡ። በ1996 ጸጉራቸውን ተቆርጠው ብቅ ሲሉ ደግሞ ጸጉሩ ራሱ እንደ ክህደት ተቆጠረ። በ2003 ያወጡት አልበም ላይ የጊታር ሶሎ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፤ ከበሮውም ቆርቆሮ የተመታ ያህል ያስተጋባል። ያን ጊዜ የመጣው ተቃውሞ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ኦፔዝ የሚባለውን የስዊድን ባንድም እዚህ ላይ ላንሳ። ይህ ባንድ ከጉሮሮ በሚወጣ የሚያጓራ አዘፋፈን ይታወቅ ነበር። በ2011 ያወጣው አልበም ላይ ያ ድምፅ ጠፋ፤ በንጹሕ ድምፅ የሚዘፈን፣ የ1970ዎቹን ሮክ የሚመስል ሥራ መጣ። ገሚሱ አድማጭ ተከተለ፤ ገሚሱ ቅር እንዳለው ቀረ። የሚያጓራው ድምፅ የተመለሰው በ2024 ባወጡት አልበም ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ባንዱ ሥራውን አላቋረጠም፤ አዳዲስ ወዳጆችም አፍርቷል። የቀድሞዎቹ ግን ያቺን አንዲት ድምፅ ጠበቁ።

የውጭውን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና።

ላስታ ውስጥ ማሲንቆ የሚመታበት ጠጅ ቤት ገብቶ የማያውቅ ጥቂት ነው። አዝማሪው አንድ ክር የፈረስ ጭራ ይዞ ይቆማል። ቤቱ ሞቅ ሲል ከተቀመጡት አንዱ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ያወርዳል። አዝማሪው ቃል ሳያጎድል ተቀብሎ በዜማው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ባለግጥሙ ደስ ሲለው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እንግዲህ ዘፈኑ የማን ነው? የአዝማሪው ነው፣ የሰውየውም ነው። ሰውየው ዘፈኑ ውስጥ ገብቶ ቃሉን አኑሮ ወጥቷል። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየቆሙ የሚያዜሙት፣ በዚህች ከተማ ስም የሚጠሩት ላሊበላዎችም ከጎረቤት የባለቤቱን ስም ጠይቀው፣ ያን ስም በዜማው ውስጥ ሰክተው ነው የሚመርቁት። አድማጩ ከእንቅልፉ ሲነቃ ራሱን ዘፈኑ ውስጥ ያገኘዋል። በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ» ሲዜም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ይቀባበላሉ፤ ምእመኑም በጭብጨባና በእልልታ የሥርዓቱ አካል ነው። (የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምልክት ያለው፣ በሊቃውንት የሚጠበቅ ስለሆነ ከባንዶች ጋር ደርቤ አላየውም። የምለው አድማጭነቱን ብቻ ነው።)

እንግዲህ የእኛ አገር አድማጭ ከጥንትም ቦታ ያለው አድማጭ ነው። የእኔም ሐሳብ ይኸው ነው፦ አድማጭ የሚቆጣው መሣሪያው ስለተለወጠ አይደለም፤ በዘፈኑ ውስጥ የነበረው ቦታ ሲወሰድበት ነው። ቦታው ከተጠበቀለት የፈለጋችሁትን መሣሪያ አምጡለት፣ ይቀበላል።

ማስረጃው የራሳችን ታሪክ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አስመጥተው የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ ትራምፔት ለዚህ አገር ጆሮ እንግዳ ነበር። አርባ ዓመት ሳይሞላው የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ጥላሁን ገሠሠን አጅቦ ሕዝብ አስለቀሰ። ከዚያ ኤሌክትሪክ ጊታር መጣ፤ ከዚያ ኦርጋን መጣ። አድማጩ ሁሉንም አስገባ። የገቡት ግን ተራ በተራ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን እየተማሩ ነው። እነዚህ አራት ቅኝቶች ለወሎ ሰው የቤቱ ናቸው፤ ሁለቱማ ስማቸው ራሱ የቦታ ስም ነው። በደርግ ዘመን ደሴ ላይ የነበረው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ብቻውን ይሠራ የነበረውን ማሲንቆ ተጫዋች ከክራርና ከዋሽንት ጋር አሰልፎ ትልቅ መድረክ ላይ ሲያወጣው፣ አቀራረቡ ከጠጅ ቤቱ ፍጹም የተለየ ነበር። ያም ሆኖ ከዚያ ቡድን የወጣችው ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታዜም «ይህ የእኛ አይደለም» ያለ የለም።

ቅኝት ለአድማጭ ምን ያደርግለታል? ድምፁ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ያስታውቀዋል። የሚያውቀው ሰው አብሮ ያንጎራጉራል፣ ትከሻው በጊዜው ይነሣል፣ «ተቀበል» ለማለት የት ላይ መግባት እንዳለበት ያውቃል። ቅኝቱ የአድማጩ በር ነው።

ቃል የሌለው ሙዚቃ እንኳ በዚህ መንገድ ይፈተናል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ቫይብራፎንና ኮንጋ ይዞ፣ የቅኝቶቻችንን አምስት ድምፅ ከጃዝ ስምምነት ጋር አዋሕዶ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ኢትዮ ጃዝ ያን ጊዜ በአገሩ ወዲያው ሰው አልነቀነቀም። አድማጫችን ዘፋኝ ይፈልግ ነበር፤ ግጥም ይፈልግ ነበር። የዋልያስ ባንድ ታሪክ ግን ሌላ ገጽታ አለው። ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹ ሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ፣ በ1977ም «ቼ በለው»ን ሲያወጡ፣ ብዙው ሥራቸው ዘፋኝ የሌለበት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደደው። ለምን ቢባል፣ አብዛኞቹ ዜማዎች አድማጩ የሚያውቃቸው ናቸው። ኦርጋኑ ዜማውን ሲያነሣ ግጥሙን አድማጩ በልቡ ይሞላዋል። ቃሉ ከመድረክ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው አፍ ገባ። ቦታው አልተወሰደበትም፤ እንዲያውም ሰፋለት።

በዚያ ዘመን የነበረውን አስገዳጅ ሁኔታም አንርሳ፤ የእኛን ባንዶች ለውጥ «ገንዘብ ፈልገው ነው» ብሎ መፍረድ ብዙ ጊዜ ስህተት ነውና። ከ1974 በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ዓመታት ቆየ። ማታ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ግጥም በሳንሱር ያልፋል። ሸክላው ቀርቶ ካሴት መጣ፤ አንድ ባንድ በዓመት ብዙ ዘፋኝ ማጀብ ያዘ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቅንብር ባይለወጥ ነበር የሚገርመው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ፣ የልጅነት አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የቆዩ ዜማዎችን ቀረጸ። ባንድ ያልነበረው ስደተኛ በማሽን ባንድ ሆነ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ያ ካሴት በ2013 ዳግም ታትሞ በዓለም ሲዞር፣ የሽማግሌውን እጅ እንደገና ወደ መድረክ መለሰው።

እዚህ ላይ የዚህን ዓይነቱን ለውጥ አሠራር በሕንፃ ምሳሌ ላሳይ፤ የላስታ ሰው ከማንም ይልቅ የሚረዳው ይመስለኛል። ከዚህ ከተማ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄደ ሰው ዋሻው ውስጥ የቆመውን ቤተ ክርስቲያን አይቷል። ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ተራ በተራ ተነባብሮ የተሠራ ነው፤ አክሱማዊ አሠራር ነው። እንጨቱ እዚያ ሥራ አለው፤ ግድግዳውን ያስራል። አሁን ወደ ቤተ አማኑኤል ተመለሱና ግድግዳውን ተመልከቱ። ያው መደራረብ አለ፤ አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ ያለ። ግን እንጨት የለም፤ ሁሉም አንድ አለት ነው። የሚታሰር ግድግዳም የለም። ጠራቢዎቹ አሠራሩን ከሥሩ ለውጠውታል። ይገነባ የነበረው ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሏል፤ የቀደመው መልክ ግን ለዓይን ተጠብቋል። ከአክሱም አገር የመጣ ተሳላሚ እዚህ ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፍበት አላጣም። እኔ በዚህ ግድግዳ ላይ የማየው ለአማኙ የተደረገ አክብሮት ነው። የጠራቢውን ድፍረት ሁሉ ተሸክሞ፣ የመጣውን ሰው አላስቀየመም።

አይቤክስ ወደ ሮሃ ሲለወጥ የሆነውም ይህን ይመስላል። ድምፁ ለሰለሰ፣ ኪቦርዱ በዛ፣ የትንፋሽ መሣሪያው ድርሻ ቀነሰ። ቅኝቱ ግን ቆመ፤ ለግጥሙም ክፍት ቦታ ተተወለት። ሰላም ስዩም ጊታሩን የሚመታው ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ነው። አድማጩ ያን ክፍተት የራሱ አድርጎ አብሮ ዘፈነ።

በ1990ዎቹ የመጣው ለውጥ ግን የከፋ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰዓት እላፊው ተነሣ፤ ሌሊቱ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን ሙሉ ባንድ መቅጠር ውድ ሆነና አንድ ኪቦርድ የሁሉን ሥራ ያዘ። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ትራምፔቱም ከአንድ ሣጥን ይወጣ ጀመር። ዋናው ችግር ማሽን መሆኑ አይደለም፤ ኃይሉም በማሽን ሠርቷል። ችግሩ የማሽኑ ምት ማንንም አለመጠበቁ ነው። ጭፈራው ሲደራ አይፈጥንም፤ ዘፋኙ አንድ ቃል ላይ ቢቆይ አይቆይለትም። በዚያ ላይ በአንድ ጣት የሚነካ ሙሉ ኮርድ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ይዞ ይገባና ትዝታውን ሳያስቡት ሌላ ያደርገዋል። አድማጩ ስሙን ባያውቀውም ይሰማዋል። «የድሮ ዘፈን ይሻላል» የሚለው የታላላቆቻችን ንግግር የእርጅና ምሬት ብቻ አይደለም። በሩ ጠቧል እያሉ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ጃኖ ባንድ እንምጣ፤ ለሄቪ ሜታል ቅርብ የሆነው የእኛ ሥራ የእነሱ ነውና። ጃኖ በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበም ሲያወጣ፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል በፕሮዲውሰርነት ተሳትፎበታል። ስሙን ከቀይ ጥለት ነጠላችን፣ የአልበሙን መጠሪያ ከአፋር እሳተ ገሞራ የወሰደ፣ በርካታ ድምፃውያን ያሉት፣ ከባድ ጊታር የሚያንጎራጉርበት ባንድ ነው። ታላላቆች ጩኸት ነው አሉ፤ ወጣቶች ደግሞ ከፊት ለፊት ቆመው አብረው ዘፈኑ። በእኔ ሚዛን ወጣቶቹ ትክክል ናቸው። ምክንያቴም በጊታሩ አሠራር ላይ ነው። የሄቪ ሜታል ጊታር የሚመታው ኮርድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ መሠረቱና አምስተኛው። መሐል ላይ ያለውን ሦስተኛ ድምፅ ይተወዋል። ያ የተተወው ድምፅ ነው በኪቦርዱ ሙሉ ኮርድ ቅኝታችንን ሲያበላሽ የኖረው። ስለዚህ ያ የምንፈራው ከባድ ጊታር ለትዝታና ለአምባሰል ከለስላሳው ኪቦርድ የተሻለ ወዳጅ ሆኖ ይገኛል። ድምፁም ቢሆን፣ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፋቅ የሚያሰማውን ሸካራነት ለሚያውቅ ጆሮ ሩቅ አይደለም።

አንድ ቅኝት ግን አስቸጋሪ ነው፤ አንቺሆዬ። በተለመደው አጻጻፉ የመሠረቱ ትክክለኛ አምስተኛ በውስጡ የለም። ባለጊታሩ የለመደውን ባለሁለት ድምፅ ኮርድ መሠረቱ ላይ ካሳረፈ ቅኝቱን ሰበረ ማለት ነው። በዚህ ከተማ ጊታር የጀመራችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከኮሮናና በአካባቢው ከነበረው ጦርነት በኋላ ጎብኚ በመጥፋቱ ሥራ ያጡ ማሲንቆ ተጫዋቾችም አሉ። አብራችሁ ሥሩ። አንቺሆዬ ላይ ስትደርሱ ኮርዱን ተዉትና ጊታሩ ከማሲንቆው ጋር አንድ መስመር ይዞ፣ እኩል እየተንሸራተተ ይሂድ፤ ቤዙ መሠረቱን ብቻ ይዞ ይቆይ። ከበሮ መቺው የአዝማሪውን እጅ ይይ፤ ማሽን ከሆነም ይጥፋ። መሐል ላይ መሣሪያው ሁሉ ዝም የሚልበት ቦታ ተዉ፤ ከአዳራሹ አንድ ሰው ተነሥቶ «ተቀበል» ሊል ይችላልና፣ የሚቀበለው አንድ ሰው ማይክሮፎኑ አጠገብ ይኑር።